ስለ ወግዲ አገር የሰላምታና የገበታ ሥርዐት

የአንድ አገር ሰው ምን ያህል እንደ ተማረ ለማወቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን ቍጥር ይጠይቃል። ምን ያህል እንደ ታረመ ለማወቅ የሚወድ ግን፤ እንግዳ በደጅ ሲቆም ባለቤቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ታላቅ ሲገባ ታናሽ እንዴት እንደሚነሣ፣ ሁለት የተቀያየሙ ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ መመልከት ይገባዋል። ስለዚህ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርበው የመረጥነው ምሳሌ በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በዐባይ አፋፍ ላይ የሚገኘው የወግዲ አገር ነው።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ የጉጉፍቱን ብርዳም ደጋ አቋርጦ፤ በለጋምቦ በአቀስታ በኩል አልፎ፤ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የቦረና ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መካነ ሰላም ይደርሳል። ቦረና ማለት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ደን ያለበት፤ ደግሞም የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም የሚገኝበት አገር ነው። ወግዲ ከዚህ ቀጥሎ በስተ ደቡብ ነው። በአንድ ወገን ለጋምቦና ከላላ ያዋስኑታል፤ በምዕራብ በኩል ግን ዐባይ ከምሥራቅ ጎጃም ይለየዋል። ከተማው ማኅደረ ሰላም ይባላል። እንግዲህ የአንደኛይቱ ከተማ ስም የሰላም ስፍራ፤ የሁለተኛይቱም ስም የሰላም ማደሪያ ማለት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ስም ብቻውን ሰላምን አያመጣም፤ ሰላሙን የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ ግን ወደ ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል።

የአገሩ ደጋ ጤፍና ስንዴ ገብስም ያበቅላል፤ ወደ ዐባይ የሚወርደው ቆላ የማሽላ አገር ነው። መሬቱ በገደልና በሸለቆ የተቈራረጠ ስለ ሆነ፤ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሄድ መውረድና መውጣት ግድ ነው። በቅርብ የሚታየው መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ላይ መምሸቱ የማይቀር ነበረ። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ የቆመን ሰው መመለስ ነውር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ እንግዳ የተቀበለ ባለቤት ነገ በሌላው አምባ ላይ እንግዳ ይሆናልና፤ አቀባበሉ ቸርነት ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ የመጠባበቅ ቃል ኪዳን ነው።

የጨዋነት መጀመሪያው ሰላምታ ነው። በዚያ አገር ሰላምታ አንድ ቃል ተናግሮ የሚታለፍበት ነገር አይደለም። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ደጋግሞ ይጠየቃል፤ አንደኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ሌላው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ከከተማ የመጣ ሰው ይህ መደጋገም ጊዜ የሚያጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመለስበት ምክንያት አለው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ሁሉ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ የታመመው ልጅ ወይም የሞተው በሬ የሚነገረው በሦስተኛው ላይ ነውና። በንግግርም ጊዜ ወሎዬ ታላቁን «አንቱ» ብሎ ያከብረዋል፤ በአዲስ አበባ «እርስዎ» የሚለው ቃል የሚይዘውን ስፍራ በዚያ አገር ይልቁንም «አንቱ» ይዞት ይገኛል። እንግዳም ቢሆን ዕድሜው ከፍ ያለውን አንተ ብሎ የሚጠራ ሰው ንግግሩ ሳይሰማ አስተዳደጉ ይመዘናል።

ታላቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጡት «ኖር» ብለው ይነሣሉ፤ የሚገባውም «በእግዜር፤ አይነሡ» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ክብሩን ይሰጣል፤ ሌላው የተሰጠውን ክብር ሙሉ በሙሉ ሳይወስድ ይመልሳል። የጨዋነት ምሥጢሩ በዚህች ጥቂት ንግግር ውስጥ ነው። የሚነሣ ሰው ባይኖር ኩራት ይሆናል፤ «አይነሡ» የሚል ባይኖር ደግሞ ግፍ ይሆናል። ልብስም እንዲሁ ይናገራል፤ በታላቅ ፊት ሸማውን አደግድጎ የቆመ ሰው አክብሮቱ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣች ሴት ኀዘንዋ ሳትናገረው ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን የገበታው ሥርዐት ነው። በወግዲና በቦረና እንደ ወሎ ሁሉ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በአንድ የዘር ሐረግም ሁለቱ ሃይማኖቶች የሚገናኙበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደሚታወቀው በአገራችን ልማድ አንዱ ሌላው የባረከውን ሥጋ አይበላም። ይህ በሌላ ስፍራ ቢሆን ለመለያየት በቂ ምክንያት በሆነ ነበር። በወሎ ግን ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ እስላም ጎረቤቱን ጠርቶ ለወገኖቹ የሚሆነውን በግ ወይም ከብት በራሱ እጅ እንዲያርድ ያደርጋል፤ እስላሙም ሲደግስ ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ሳሕኑ ለብቻ ይሆናል፤ ደስታው ግን አንድ ነው። ባለቤቱ «የኔን ብላ» ብሎ እንግዳውን አያስጨንቅም፤ እንግዳውም «ያንተን አልበላም» ብሎ ባለቤቱን አያሳፍርም። በሁለቱ መካከል ሊነገር የሚችለው ክፉ ቃል ሳይነገር የሚቀረው ሥርዐቱ አስቀድሞ መልስ ስለ ሰጠው ነው። በረመዳን ጊዜ ክርስቲያኑ በሚጾመው ጎረቤቱ ፊት ከመብላት ይቈጠባል፤ በዐቢይ ጾምም እስላሙ ለክርስቲያን እንግዳው የጾም ወጥ ያሠራለታል።

ይህ ነገር ቀላል አለመሆኑን ታሪክ ያስረዳናል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው፤ የሃይማኖት አንድነት እንዲሆን የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህም በኋላ በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ሌሎች ግን ትእዛዙን እንቢ አሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ሼህ ጠልሐ ሕዝብ አስከትለው የተቃወሙ ነበሩ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረም ነበረ። እንግዲህ በትእዛዝ አንድ ሊሆን ያልቻለውን ሕዝብ ሳይለያይ ያኖረው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፤ መልሱን የምናገኘው በአዋጅ ውስጥ ሳይሆን ለጎረቤት ተብሎ ለብቻ በተቀመጠው ድስት ውስጥ ነው።

ቡናውም የራሱ ሥርዐት አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ በረካውን ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው በረከቱን ትቶ እንደ ሄደ ይቈጠራል። ዕጣኑ ከጨሰ በኋላ ከተቀመጡት ታላቅ የሆነው ሰው ይመርቃል፤ የቀሩት እጃቸውን ዘርግተው አንዱ «አሜን» አንዱ «አሚን» ይላሉ። ወዳጃ በሚባለውም የወሎ የጸሎት ጉባኤ ላይ ስለ ዝናምና ስለ ጤና ስለ አገር ሰላምም በኅብረት ይለመናል። ዱበርቲ የሚባሉት አሮጊቶች ምርቃታቸው የተከበረ ነው፤ በሌላ ስፍራ ከአደባባይ የምትርቅ ሴት በዚህ በኩል ቃልዋ ይሰማል።

አሁን ደግሞ ለአገር አስተዳዳሪዎችና ለዳኞች የሚጠቅመውን እንናገር። ሰላምታ በየቀኑ የሚሰጥ ስለ ሆነ የተነፈገ ዕለት ወዲያው ይታወቃል። ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በውኃ ተቀያይመው ሰላምታ ሲነፋፈጉ፤ መንደሩ ሁሉ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ሽማግሌዎችም ነገሩ ከዱላ ወይም ከችሎት ሳይደርስ ይገባሉ። ሰላምታ በሌለበት ከተማ ግን ጠብ ተሸሽጎ ይበስላል፤ የሚታወቀውም ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበርም እንዲሁ ይረዳል፤ ሰው ሲሞት የተጣላም ያልተጣላም፣ ክርስቲያንም እስላምም መውጣት ግዴታው ነው፤ የቀረ ይቀጣል። በአንድ መቃብር አጠገብ አብረው የቆሙ ባላንጣዎች ሲመለሱ ዝም ተባብለው መለያየት ይከብዳቸዋል።

ሥርዐትን ለሰው ማስተማር የሁሉም አገር ሥራ ነው። ኤራስሙስ የሚባለው የሆላንድ ሊቅ በፈረንጅ ቍጥር በ1530 ዓ.ም. ልጆች በማዕድና በሰው ፊት እንዴት እንደሚሆኑ የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፎ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ታትሟል። የኛ አገር ልጅ ግን ያንኑ ትምህርት የሚማረው የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዞ ከታላላቆች ፊት በመቆም ነው። ማን አስቀድሞ እንደሚታጠብ፣ ከመሶቡ በፊቱ ካለው ብቻ መቍረስ እንደሚገባ፣ ጉርሻ ሲሰጡት በአክብሮት መቀበል እንደሚያሻ የሚያውቀው እያየ ነው።

ይሁን እንጂ መልካሙን ብቻ ተናግረን ጉድለቱን ብንሸሽግ አንባቢዎቻችንን ማታለል ይሆናል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር የጨዋነት ልጅ ሲሆን አባቱን የሚጐዳበት ጊዜ አለ። ደኻ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለእንግዳ ይፈጫል። በተዝካርና በሰደቃ «ምን ይሉኛል» በማለት በሬውን አርዶ በክረምት የሚያርስበት ያጣ ገበሬ በየስፍራው ይገኛል። ሲፈጩና ሲጋግሩ የዋሉት ሴቶች ከሁሉ በኋላ የተረፈውን ይበላሉ፤ የሚተርፍም ላይኖር ይችላል። እውነት መነገር በሚገባበትም ጊዜ ታላቅን ላለማሳፈር ተብሎ ዝም ይባላል። እነዚህን ማረም ጨዋነትን ማጥፋት አይደለም። እንግዳን የማክበር ነገሩ በፍቅሩ እንጂ በበሬው እንዳልሆነ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዛሬ መኪና የሚሄድበት መንገድ መካነ ሰላምን አልፏል፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢም በዚያች ከተማ ተሠርቶ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ይማሩበታል። ስልክ በየኪሱ ገብቷል። በአንድ ቀን የሚሄድ መንገደኛ በሰው ቤት ማደሩ ስለ ቀነሰ፤ እንግዳ መቀበል ግዴታ የነበረበት ምክንያት በየጊዜው እየሳሳ መሄዱ አይቀርም። ምክንያቱ ሲቀር ልማዱ እንዳይቀር የሚያሰጋው ይህ ነው። ለሃይማኖት ጎረቤት የሚሆን ድስት ለብቻ ማስቀመጥ በሕግ የሚታዘዝ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተተወ በደብዳቤ የሚመልሰው መሥሪያ ቤት የለም።

ስለዚህ ወደዚያ አገር በሥራ የሚላኩ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ይህን እንዲያስቡ እንለምናለን። ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጥሩ፤ ሳይጠሯቸው አይግቡ። ሰላምታውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይስሙ፤ የመንግሥት ጉዳይ ከሰላምታ በኋላ ቢነገር አይዘገይም፤ ከሰላምታ በፊት ቢነገር ግን ሰሚ አያገኝም። ማን የማንን ሥጋ እንደሚበላ ሳይጠይቁ ለሁሉ አንድ ድግስ አያሰናዱ። ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ ቢቀመጡ፤ በአንድ ወር ምርመራ የማያገኙትን ነገር በረካው ላይ ይሰሙታል።