አመድ አፋሽ



ዲማን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እኔ የማውቃት ግን ቅጠል በመጥረግ ነው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ ከባሕር ዛፋችን ሥር የረገፈውን ቅጠል ለእናቴ ምጣድ መሰብሰብ ነበር። አንዲት ቅጠል አላስተርፍም፤ «ጎበዝ!» እባል ነበር። አመዱን ደግሞ ወስጄ ፈፋ ውስጥ እደፋዋለሁ።

የአፈር ትምህርት ስንማር ያ ጉብዝናዬ አሳፈረኝ። ዛፍ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ያኖራል። የቅጠሉን ረቂቅ ቀዳዳዎች የሚከፍተውና የሚዘጋው በዚሁ ማዕድን እርዳታ ስለሆነ፣ ያነሰው ዛፍ በበጋ ውሃውን መቆጠብ ያቅተዋል፤ የአሮጌ ቅጠሎቹም ዳር እንደ ተለበለበ ሆኖ ይደርቃል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ማዕድኑ ወደ አፈሩ ይመለሳል። እኔ ለካ የመመለሻውን መንገድ በመጥረጊያ ስዘጋ ኖሬአለሁ!

«የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አያንሰውም» የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን ጸንቶ ቆይቷል። ለገበሬው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲታደል የኖረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ጥናት ግን በአንዳንድ ስፍራ እጥረት መኖሩን አመለከተ።

ለዕረፍት ቤት ስገባ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቅጠሉን አትጥረጊው» አልኳት።

«እሺ፣ እንጀራውን በምን ልጋግረው? በደብተርህ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በኩበት እንዳልላት ኩበቱም ለማሳው ያስፈልጋል። አድሬ አሰብኩበት። ቅጠል ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ፖታሽ የሚለው የፈረንጅ ስም ራሱ የመጣው በድስት ከሚጣራ አመድ ነው። በመጨረሻ ተስማማን፦ ቅጠሉ ግማሹ ለምጣድ፣ ግማሹ ለዛፉ፤ አመዱም ፈፋ መደፋቱ ቀርቶ፣ ሳይከመር ስስ ተደርጎ ከዛፉ ሥር ይበተናል።

ይህ ሙሉ መልስ አይደለም። ለጎደለው ግማሽ ማገዶ ፍለጋ ርቃ የምትሄደው እናቴ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ጓደኞቼ፣ ነገ በየገጠሩ ስናስተምር «ቅጠል አትጥረጉ» ከማለታችን በፊት ምጣዱ በምን እንደሚሰማ እንጠይቅ። «እጄ አመድ አፋሽ ሆነ» የሚል ለፍቶ ምስጋና ያጣ ሰው ነው። የእናቴ እጅ በእውነትም አመድ አፋሽ ነው፤ ዛፉ ባያመሰግናት እኔ አመሰግናታለሁ።

ከአንድ ዕጩ መምህር