ከማስቀባት በፊት ማጠብ

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። ቡና፣ ቆጮ፣ ማሽላና የሸክላ ድስት የተሸከመ ሰው ከየአሪ መንደሩ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ከተማዋ ይጎርፋል። ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ አይሱዙውና ፍየል የሚነዳው ሁሉ አንዱን መንገድ ይጋፋዋል። ከአዲስ አበባ ቱሪስት ይዞ የወረደ አንድ ሾፌር በዚህ ግፊያ መሀል ነጭ ላንድክሩዘሩን ጥግ አስይዞ ውኃ ሊገዛ ገባ። ሲመለስ ከኋላ በሩ እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ክንድ የሚያክል ጥቁር መስመር ተሰምሮ አገኘ።

አጠገቡ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ልጁ አልሸሸም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፍየል ገባብኝ፤ እሷን ስሸሽ ጎማዬ ነካብዎት» አለ።

ሾፌሩ መልስ አልሰጠውም። መጀመሪያ ያደረገው ከወንበር ሥር የአቧራ መጥረጊያ ጨርቁን አውጥቶ መስመሩን በደረቁ መፈተግ ነበር። አልለቀቀም። አጠንክሮ ፈተገው፤ አሁንም አልለቀቀም። ሁለተኛ ያደረገው የባጃጁን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ መክተት ነው። «ይሄ ቀለም ካልተቀባ አይሆንም። የማስቀቢያውን ሳታመጣ ከዚህ አትንቀሳቀስም።»

ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ «ልጁ ደሃ ነው፣ ተወው» አለ። ግማሹ «ያጠፋ ይክፈል» አለ። አንዱ ትራፊክ ይጠራ ሲል ሌላው በሽማግሌ ይለቅ አለ። የተጠየቀው ገንዘብ ልጁ ወር ሙሉ ሠርቶ ለራሱ የሚተርፈውን የሚበልጥ ነው። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ቅዳሜ ደግሞ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሥራ የሚደራበት ቀን ነው።

በሾፌሩ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ግን የእርሱንም ሒሳብ ይይለት። ላንድክሩዘሩም የሾፌሩ አይደለም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ መኪናው ሲመለስ ዙሪያውን እየዞረ ያየዋል፤ አዲስ ጭረት ካገኘ ከሾፌሩ ይቆርጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና እንደ ቤትና እንደ መሬት የሚጠበቅ ንብረት ሆኗል። የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው «ቀለም ያልነካው» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ገዢው በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ማግኔት ይዞ የሚመጣም አለ። ማግኔቱ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ አልይዝ ሲል ዋጋው ይወርዳል።

ነገሩ የሚጣመመውም እዚህ ላይ ነው። የመኪናው ዋጋ ያለው የፋብሪካ ቀለሙ ባለመነካቱ ከሆነ፣ ሾፌሩ ከልጁ ገንዘብ ተቀብሎ በሩን ቢያስቀባ ማንን ጠቀመ? ልጁን አደኸየው። ባለቤቱንም «ቀለም ያልነካው» ከሚባለው መኪና «አንድ በር የተቀባ» ወደሚባለው አወረደው። የማስቀባቱ ጉዳት ከመስመሩ ጉዳት ይበልጣል።

ይህን ያየ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ብቻ ነበር። በአቅራቢያው ጎማ የሚለጥፉ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ እጃቸውን በጆንያ እየጠረጉ መጡና ጎንበስ ብለው አዩት። ገንዘቡንም ጥፋተኛውንም አልጠየቁም።

«ጥፍርህን አሳልፍበት» አሉት ሾፌሩን።

«ምን ይላሉ አባቴ?»

«በጥፍርህ ቀስ ብለህ አቋርጠው። ይይዝሃል ወይስ ያንሸራትትሃል?»

ሾፌሩ አሳለፈ። አንሸራተተው።

«እንግዲያው ቀለምህ አልሄደም ልጄ። የእርሱ ጎማ ነው አንተ ላይ የቀረው።»

ነገሩ በእርግጥም እንደዚያ ነው። የመኪና ጎማ ከላስቲክ፣ ከዘይትና ካርቦን ብላክ ከሚባል ጥቁር ዱቄት የተሠራ ነው። ላስቲክ በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም፤ ከዛፍ ሲቀዳ እንደ ወተት ነጭ ነው። የሚያጠቁረውም የሚያጠነክረውም ያ የካርቦን ዱቄት ነው። የሚሽከረከር ጎማ ለስላሳ ነገር ሲታከክ ፍትጊያው ለቅጽበት ያሞቀዋል፤ ላዩ ይለሰልስና እንደ እርሳስ ጥቂቱን ትቶ ያልፋል። ከርቀት ሲያዩት ጥልቅ ጭረት ይመስላል። ቀረብ ብለው በጥፍር ሲፈትኑት ግን ከቀለሙ በላይ የተቀመጠ ነገር ነው። ጭረት ከመኪናው ላይ የሄደ ነገር ነው፤ የጎማ እድፍ ደግሞ መኪናው ላይ የመጣ ነገር ነው። መድኃኒታቸውም ተቃራኒ ነው።

ስለ ጎማ ጥንካሬ የደቡብ ኦሞ ሰው አስተማሪ አያሻውም። በዚያው ገበያ ከቆሙት ብዙዎቹ የተጫሙት በረባሶ ነው። መኪና የተወው አሮጌ ጎማ በቢላ ተቆርጦ፣ ማሰሪያ ወጥቶለት ጫማ ይሆናል። የሐመርም፣ የበናም፣ የሙርሲም፣ የዳሰነችም ሰው በእሾህና በጠጠር ላይ ዓመታት ይሄድበታል። ጎማ በቀላሉ የማይጠፋ ነገር ስለሆነ በደረቅ ጨርቅ ቢፈትጉት አለመልቀቁ አይገርምም። ጉልበት ያሸነፈው መስሎት አጥብቆ የፈተገ ሰው ግን የሚያሸንፈው ጎማውን ሳይሆን ቀለሙን ነው።

የፋብሪካ ቀለም በጣም ስስ ነገር ነው። ከብረቱ በላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ 1 ማይክሮን ደግሞ የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ትራንስፓረንት የሚባለው መስታወት መሰል የላይኛው ንብርብር 40 ወይም 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከፀጉር ይሳሳል። በአንዳንድ ነጭ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ እሱም የለም፤ ነጩ ቀለም ራሱ የመጨረሻው ንብርብር ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ፖሊሽ ሲያደርጉት ጨርቁ ነጭ ከሆነ የሚወጣው ቆሻሻ ሳይሆን ቀለሙ ነው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ያስመጡት ውኃ ነው። ሳሙና በባልዲ አስበጠበጡ፤ ጎኑን ሁሉ አሳጠቡ። ሾፌሩ መስመሩ ብቻ እንዲጸዳ ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው ግን በሩን በሙሉ አሉ። ከኮንሶ በወይጦና በቀይ አፈር በኩል የመጣ፣ በማግስቱም ወደ ቱርሚ የሚወርድ መኪና ላይ ያለው አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው። አሸዋ ሳይነሳ የሚጠረግ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ከሚፈተግ ቀለም ብዙም አይለይም።

ቀጥሎ መኪናው ወደ ጥላ ተገፋ። ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ ፈሳሽ ሥራውን ሳይሠራ ይተናል። ከዚያ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ፣ ነጭ ጋዝ ነካ ተደርጎ መስመሩ ላይ ተደገፈ። ወዲያው አልተፈተገም። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ። ላስቲክ የዘይት ዘመድ ነው፤ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ይለቃል። ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ብለው ጠረጉት። ጨርቁ ጠቆረ። ጨርቁን ገለበጡ፤ በጠቆረው በኩል ደግመው አልነኩም። ደግመው ነከሩ፣ ጠበቁ፣ ጠረጉ። በሦስተኛው ላይ መስመሩ ከበሩ ጠፋ።

«ቲነር ቢሆን ይፈጥን አልነበር?» አለ ከተሰበሰበው አንዱ።

«ቲነር ጎማውንም ቀለሙንም አይለይም» አሉ ሽማግሌው።

ልክ ናቸው። የፋብሪካ ቀለም ለጥቂት ጊዜ ቢችለውም አንድ ጊዜ እንደገና የተቀባ መኪና ላይ ቲነር ቀለሙን ሊያሟሟው ይችላል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦማ ከነጭራሹ አይታሰብም። ቤንዚን ያስለቅቃል፤ ነገር ግን ይቃጠላል፣ ይተናል፣ ቀለሙንም ያደርቃል። በሃይላንድ እየተሸጠ ባለበት ዘመን ለእድፍ ማፍሰሱም ያሳዝናል። ነጭ ጋዝ የሌለው ሰው በኮሮና ጊዜ እጁ ላይ ያፈሰሰውን አልኮል ይሞክር፤ ቀስ ቢልም ይሠራል። በየትኛውም ይሁን መጨረሻው በሳሙና መታጠብ ነው፤ የቀረ ዘይት አቧራ ይስባልና።

የፓራፋንጎው ተራ ሲደርስ ሽማግሌው ቆሙ። የመኪናው ባለቤት የኋላውን ፓራፋንጎ ጠርዝ ከጠጠር እንዲከላከልለት ግልጽ ላስቲክ አስለጥፎበታል። አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ ከኤሌክትሪክ መኪኖች ጋር የተለመደው፣ ባለሙያዎቹ ፒፒኤፍ የሚሉት ዓይነት ነው። መስመሩ ከቀለሙ አልፎ እሱም ላይ ወጥቷል። ሾፌሩ «እሱስ ላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል» ብሎ ሊፈትገው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

ላስቲኩ ከቀለሙ ወፍራም ቢሆንም ሁለት ድካም አለበት። አንደኛው ጠርዙ ነው፤ ፈሳሽ ከጠርዙ ሥር ከገባ ሙጫውን ይፈታዋል፣ ከዚያ አቧራ ይገባና ላስቲኩ መላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ጨርቁ እርጥብ ብቻ ይሁን እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን፤ ጠረጋውም ከመሀል ወደ ጠርዝ ሆኖ ጠርዙ ሳይደርስ ይቁም። ሁለተኛው ላዩ ነው፤ ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ሻካራ ነገር ቶሎ ያደበዝዘዋል። በአንጻሩ አንድ ጸጋ አለው፦ ጥሩ ዓይነት ከሆነ በላዩ ላይ የወጣ ስስ ጭረት ሞቅ ያለ ውኃ ሲፈስበት ወይም ፀሐይ ሲያገኘው ራሱን ይመልሳል። ማት የሚባለው የማያብለጨልጭ ዓይነት ግን ፖሊሽ ፈጽሞ አይነካውም፤ የተነካው ቦታ ለብቻው ያብለጨልጭና እድፉ በሌላ እድፍ ይተካል።

ይህም ተጠረገ፣ ታጠበ፣ ደረቀ። ጥቁሩ መስመር የለም።

ሌላ ነገር ግን ነበር። መኪናው ደርቆ ብርሃን ሲያገኝ በሩ ላይ፣ መስመሩ በነበረበት ቦታ፣ ክብ ክብ የሆኑ ደቃቅ ጭረቶች ታዩ። የሸረሪት ድር ይመስላሉ። ሾፌሩ ወደ ባጃጁ ልጅ ዞረ፤ «ይኸው!» ሊል አፉን ከፈተ።

«ጎማ እንዲህ አይዞርም» አሉ ሽማግሌው። «ጎማ በመስመር ነው የሚሄደው። የሚዞረው እጅ ነው።»

ሾፌሩ ከወንበር ሥር ያወጣትን ጨርቅ አየ። ቀይ አፈር ሞልቷታል። ጠዋት በንዴት የፈተገው እርሱ ነው። ልጁ ያመጣው ሁሉ በነጭ ጋዝ ለቋል፤ የቀረው ሾፌሩ ራሱ ያመጣው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄ ግን ተለቅሞ የሚያልቅ አይደለም። ደቃቅ ጭረት በፖሊሽ ይቀንሳል፤ ፖሊሽ ማለት ደግሞ ከዚያች ስስ ቀለም ላይ ሌላ ጥቂት መቀነስ ነው።

ሾፌሩ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ ሰጠው። ለሽማግሌው ገንዘብ ዘረጋላቸው፤ የነጭ ጋዙን ብቻ ተቀበሉ። ከቁልፉ ጋር ግን ለልጁ የጨመረለት ነገር የለም። ይቅርታም አላለም።

ይህ ታሪክ «ሽማግሌ መጣ፣ ሰላም ሆነ» ተብሎ ቢያልቅ ለሁሉም ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ሒሳቡ አልተዘጋም። ቁልፉ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ኪስ ውስጥ ነበር። ያ የገበያው ሞቃት ሰዓት ነው። ልጁ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ አልቀነሰለትም፤ የቀነሰው የራሱ እራት ነው።

ሰው የሰው ንብረት ሲነካ መጠየቁ ተገቢ ነው። አገሪቱም ለዚህ ሕግ አላት፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በመኪና የተጎዳ ሰው ያለ ካሳ እንዳይቀር ነው። ችግሩ ከመጠየቅ በፊት ያለችውን እርምጃ መዝለል ነው። የደረሰው ጉዳት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዋጋው ይቆረጣል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ጉዳቱን ማጣራት ሽንፈት ይመስላል። መንገድ ላይ ቁልፍ የሚነቅለው ብዙ ጊዜ መኪናው የተለቀው፣ ዕድሜው የበለጠው፣ ድምፁ የጎላው ነው። ባጃጁን የያዘው ልጅ የላንድክሩዘሩን ቁልፍ ነቅሎ «መጀመሪያ ይታጠብና እንየው» ሊል አይችልም።

ስለዚህ ይህችን እርምጃ መውሰድ ያለበት አቅም ያለው ነው። ጥፍር ማሳለፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ውኃና ሳሙና፣ ጥላ፣ ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ በኋላም የቀረ ጭረት ካለ፣ ያን ጊዜ ስለ ገንዘብ ማውራት ይቻላል። ቁልፉም እስከዚያ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም።

ላንድክሩዘሩ በማግስቱ ወደ ቱርሚ ወረደ። አዲስ አበባ ሲገባ ባለቤቱ ዙሪያውን እየዞረ ይፈትሸዋል፤ ጥቁር መስመር አያገኝም። በሩ ላይ ያለውን የሸረሪት ድር ካየ ሾፌሩ ይጠየቃል፤ መልሱንም ያውቀዋል። የልጁን ሦስት ሰዓት ግን የጠየቀ የለም።