ብር የምታቀልጠው ደብተራ

ኅዳር 1 ቀን 2016፣ ቅዳሜ

ስድስት ልጆች ለንባብ መጡ። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ቡና ተሰጥቷል፤ በረንዳዬ ድረስ ይሸታል። በሰፈራችን በበቾ ቦሬ ኅዳር ሲገባ ትንሽ ቦታ ያለው ሁሉ ሸራ ያነጥፋል፣ ልጆችም ዶሮ ሲያባርሩ ይውላሉ። ከስድስቱ ሁለቱ ያንን ሥራ ለታናናሾቻቸው ጥለው ነው የመጡት።

የጀመርኩላቸው መጽሐፍ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው፤ ሎረን ብላክዉድ የጻፈችው «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ»፣ በእኛ አቆጣጠር በ2014 መጀመሪያ የታተመ። ለወጣቶች የተጻፈ የሚያስፈራ ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ የጃማይካ ዘር ያላት አሜሪካዊት ናት። መነሻዋ የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ሲሆን፣ የዚያን የእንግሊዝ መኖሪያ ቤት ጨለማ አንሥታ ኢትዮጵያን በሚመስል በረሃ ውስጥ ተክላዋለች። ባለታሪኳ አንድሮሜዳ ወጣት ደብተራ ናት። ክፉ መንፈስ የሰፈረበትን ቤት ታጸዳለች። ያሳደጋትና ያስተማራት ጀምበር ስላባረራት፣ ፈቃድም ደጋፊም ሳይኖራት ሌሎች ደብተራዎች የሸሹትን ቤት ልታጸዳ ትገባለች።

አንድ ቅጂ ብቻ ስላለኝ እያነበብኩ በአማርኛ እመልስላቸዋለሁ። «ደብተራ» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው መሐል ብቅ ሲል ልጆቹ ጮኹ። መጽሐፉን ተቀባብለው በጣታቸው እየነኩ አዩት። ሃያ ዓመት አስተምሬ በመጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ማታ ማታ የኔታ ዘንድ ዜማ የሚማረው ልጅ ግን አልሳቀም። «መምህር፣ ደብተራ እኮ ሴት አይሆንም» አለኝ። ደብተራ ማለት ምን እንደሆነ ለሁሉም እንዲያስረዳ ጠየቅኩት፤ ቆሞ አስረዳ። ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም የተማረ፣ ክህነት የሌለው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ማኅሌት የሚቆም። ክታብ የሚጽፉም አሉ፣ የኔታ ግን አይወዱትም አለ። ክታቡ ብራና ላይ እንደሚጻፍ፣ ርዝመቱም በባለቤቱ ቁመት እንደሚለካ እኔ ጨመርኩ። የአንድሮሜዳ ክታብ ግን የብር ነው። ታቀልጣለች፣ ትበይዳለች፣ ትቀርጻለች።

አንዷ ልጅ ደግሞ፣ «በእኛ ቤት ደብተራ የለም፤ ስፈራ አያቴ አየተል ኩርሲ ትቀራብኛለች» አለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የየቤታቸውን መከላከያ ሲያወዳድሩ ማንበቡን ትቼ አዳመጥኩ።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ከልጆቹ የአንዷ አባት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ልጃቸው ሁለት ሌሊት መብራት አይጠፋም ብላለች። «መምህር፣ የጥንቆላ መጽሐፍ ለልጅ ይነበባል?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የጨነቀው አባት ነበሩ።

ይህን ጥያቄ ብዙ አገር ጠይቋል። «ሃሪ ፖተር» ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመደርደሪያ ይነሣልን የሚል አቤቱታ ከበዛባቸው መጻሕፍት አንደኛ መሆኑን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር መዝግቧል። የኔዲ ኦኮራፎር «አካታ ዊች» በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ጠንቋይ» የሚለውን ቃል በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ናይጄሪያ ውስጥ ሲታተም ግን ርዕሱ ተቀይሮ «ሰኒ በነበልባሉ ውስጥ ያየችው» የሚል ሆነ። ጠንቋይ ተረት በሆነበት አገርና ሰው ጠንቋይ ተብሎ በሚፈራበት አገር ቃሉ እኩል አይመዝንም። ስለዚህ የአባትየውን ሥጋት ኋላ ቀርነት ብዬ አላልፈውም። ቅዳሜ መጥተው አብረውን እንዲያዳምጡ ለመንኳቸው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

አባትየው መጡ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

እስከ ዛሬ ቃል ያልተነፈሰችው ልጅ ተናገረች። ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ቦታ ስላነሰ ይመስለኝ ነበር። አንድሮሜዳ ብሩን በእሳት የምትሠራበትን ቦታ እያነበብኩ ነበር። «መምህር» አለች፣ «እሷ እኮ ብር ታቀልጣለች። እኛ ሰፈር ብትሆን ቡዳ የሚሏት እሷን ነው።»

ማንም አልመለሰም። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዷ ልጅ እጇን ሰድዳ የቆሎውን ሳህን ሸፈነችው። አስባ ያደረገችው አይመስለኝም፤ እጇ ብቻውን ነው የሄደው። ደጃፉ ላይ ያለችው ልጅ አየችው። እኔም አየሁት።

የልጅቷ እናት ሸክላ ሠሪ ናቸው። ያንን የማያውቅ በረንዳው ላይ አልነበረም።

ጥፋቱ የኔ ነው። እንግሊዝኛው «ክፉ ዓይን» በሚልበት ቦታ ሁሉ «ቡዳ» ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የሚያውቁት ቃል ይሁንላቸው፣ ታሪኩ ይቅረባቸው ብዬ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ያንን ቃል ጮክ ብዬ ሳነብ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ሆና ትሰማ ነበር።

ኅዳር 9፣ እሑድ

እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዘጠኝ ዓመቴ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቤታቸው ሸክላ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ አስገድዶን ገባን። እናቷ የተቀቀለ ጎደሬ ከነትኩሱ አቀረቡልኝ። እናቴ ያስጠነቀቀችኝ ትዝ አለኝና «ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር። ጓደኛዬ ሳህኑን ዝም ብላ አነሣችው። ከዚያ ቀን በኋላ ቤታቸው እንድገባ አልጠየቀችኝም። ስሟን እዚህ መጻፍ አልደፈርኩም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የልጅቷ ቃል ነው የሚመላለስብኝ። ደራሲዋ ሩቅ ሆና ሁለት ሰው አንድ ላይ አድርጋለች። በእኛ ዘንድ ክታብ ሰጪው ሌላ ነው፣ እሳትና ብረት የሚነካው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ይከበራል፣ ይፈራልም። ሁለተኛው ግን በሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፤ ከልጁ ጋር ጋብቻ የለም፣ ከማዕዱ አይቀመስም። ጎንደር ውስጥ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ቡዳ ተብለው ተጠርተዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ የትናንቷ ልጅ እጅ ግን ሳህኑን ለመሸፈን ማንም አላዘዘውም።

በብላክዉድ መጽሐፍ ውስጥ ያ የተናቀ የእሳት ሥራ ነው ቤቱን የሚፈውሰው። ደራሲዋ ይህን አስባበት ይሁን ሳታስብበት ለእኔ ለውጥ የለውም። ከአንባቢዎቿ ይህን ያየችው አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ እንድታየው ያደረጋት የምትኖረው ኑሮ ነው።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊ እያቃጠለ ነው። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው፣ በ1911 ዓ.ም. ያ ሕዝብ የፈጀ የኅዳር በሽታ ከገባ ወዲህ የቀጠለ ልማድ ነው። ጭሱ በአዌቱ ወንዝ ላይ ተኝቶ ዋለ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

የሐሙስ ገበያ ሄድኩ። የልጅቷ እናት ጀበናዎቻቸውን በገለባ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዲት ገዢ ጀበና አንሥታ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ሰማች፣ ከፈለች፣ ሄደች። ያ ጀበና ነገ ቤቷ ይጣዳል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ከእሱ ይቀዳል። በዚህ የቡና አገር ከእኚህ ሴት እጅ ሥራ ያልጠጣ ማን አለ? ቤታቸው ገብቶ ግን የሚጠጣ የለም።

ልጃቸውን ላስቀይማት እንዳልፈለግሁ ነገርኳቸው። ቃሉን እኔ እንዳመጣሁት፣ ሳልሸሽግ። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ልጅቷ ነግራኛለች» አሉ። «ያቺ ብር የምታቀልጠው ግን፣ ቤቷ ሰው መጥቶ ቡና ይጠጣል?»

መጽሐፉን ጨርሻለሁ፣ እንዲህ የሚል ቦታ ግን ትዝ አላለኝም። «እሑድ እኔ እመጣለሁ» አልኩ። እናትየው ቀና ብለው አዩኝ። «ይምጡ» አሉ፤ እንደምመጣ ያመኑ አይመስለኝም።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ልጅቷ መጣች። ሌሎቹ ሳይደርሱ ብቻዋን አገኘኋትና ከዛሬ ጀምሮ «ክፉ ዓይን» እያልኩ እንደማነብ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «ይተዉት መምህር። ቢቀይሩትም እነሱ ያውቁታል» አለችኝ።

ስለዚህ አልቀየርኩም። ከማንበቤ በፊት ግን ስለ ጎደሬው ነገርኳቸው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ያደረግሁትን እንዳለ። የዜማው ተማሪ አንገቱን ደፋ። አባትየው ከበሩ አጠገብ ሆነው፣ «እኔም አድርጌዋለሁ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጠኋት። የቆሎውን ሳህን አቀበልኳት፣ እሷም ለሁሉም አዞረች። አባትየው ዘገኑ፣ ልጃቸውም ተከተለች። የዜማው ተማሪ ወሰደ። ሁለት ልጆች «ጠግበናል» አሉ።

ካቆምንበት ቀጠልን።