የጡረታ ስንቅ

ጡረታ የሚለው ቃል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚቀሰቅሰው የመቀመጥን ሥዕል ነው፤ በረንዳ፣ ጋቢ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የልጅ ልጅ። ይሁንና አረጋውያኖቻችን በሶና ቆሏቸውን ቋጥረው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን በእግራቸው ይጓዙ እንደነበር ስናስታውስ፣ እርጅና በባህላችን የመንገድም ዘመን እንደነበረ እንረዳለን።

ይህን እንዳሰላስል ያደረገችኝ በጀርመን አገር ከ30 ዓመታት በላይ በነርስነት ያገለገለችው ታላቅ እኅቴ ናት። ጡረታዋ ሲቃረብ ልጆቿ አዲስ አበባ ቤት ገዝታ እንድታርፍ መከሯት። እርሷ ግን ያጠራቀመችውን ገንዘብ መኝታና ምድጃ ባላት ትንሽ መኪና ላይ ለማዋል ቈረጠች። «ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን በየመንገዱ ስታድር ሰው ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ከዘመድ ሁሉ አፍ ወጣ።

ለሥራ ወደዚያው አገር በሄድሁ ጊዜ፣ ምርጫዋ በሁለት ዓይነት መኪኖች መካከል ነበር። የመጀመሪያዋ የፎልክስዋገን ዘር ናት። ፋብሪካው ይህችን ሣጥን መሰል መኪና ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት በ1951 ለመኝታና ለጓዳ የሚያገለግል ተነቃይ ዕቃ ሠራላት። ካሊፎርኒያ የምትባለው የኋላ ዘመን ልጇ ከፍታዋ 2 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በብዙዎቹ ባለጣራ የመኪና ማቆሚያዎች ትገባለች። ውስጧ ቀጥ ብሎ ለመቆም ግን ጣራዋን ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ የተነሣው ጣራ ግድግዳው ሸራ በመሆኑም ብርድ አያጣውም።

ሁለተኛይቱ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራች፣ ርዝመቷ 5 ሜትር ከ41 ሳንቲ ሜትር የሆነች ናት። ጣራዋ ከፍ ያለ በመሆኑ ባለጣራው ማቆሚያ አይቀበላትም፤ ሰው ግን ያለ ችግር ይቆምባታል። አልጋዋ በወርዷ ስለሚዘረጋ ረጅም ሰው እግሩን ማጠፍ ግድ ይሆንበታል፤ አጭሯ እኅቴ ግን ተንፈላስሳ ትተኛበታለች።

«እትዬ፣ የመጀመሪያይቱ ውበት አላት» አልኋት።

«አንተ ታያታለህ፤ እኔ እኖርባታለሁ» አለችኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ሳነሣ ጎንበስ ብዬ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ በገዛ ቤቴ ቀና ብዬ ልቁም።»

ከዚህ በኋላ የክብደት ስሌት መጣ። የዚህ ዓይነት መኪና በብዛት ከነጭነቷ ከ3,500 ኪሎ ግራም እንዳታልፍ ይወሰንላታል፤ 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። አጋሰስ ይነዱ የነበሩ አባቶቻችን ይህን ሒሳብ ያለ ሚዛን ያውቁት ነበር፤ የግራውና የቀኙ ጭነት ካልተመጣጠነ ከብቱም ባለቤቱም መንገድ ላይ ይቀራሉ። እኅቴም 11 ኪሎ ጋዝ የሚይዘውን የብረት ሲሊንደር ሞልቶ ሳለ ለማንሣት ሞከረች፤ ከነብረቱ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። መልሳ አስቀመጠችውና ባለ 5 ኪሎውን መረጠች። ከመግዛቷም በፊት ተመሳሳይ መኪና ተከራይታ፣ ሆን ብላ ዝናብ በሚበዛበት ሳምንት አደረችባት። በጠራ ቀን ሁሉም ቤት ቤት ይመስላልና።

የዚህች ሴት አመራረጥ ያስተማረኝ ነገር አለ። ሌላው ሰው የሚመርጥላት ቤት ለዓይን የሚሞላ ይሆን ነበር። እርሷ የመረጠችው ግን በወገቧ፣ በክንዷና በቁመቷ ልክ የተለካ ነው። ትንሽነቱም ከድህነት የመጣ ሳይሆን፣ ያለ ሰው እርዳታ ልታንቀሳቅሰው ከምትችለው የመነጨ ነው።

የዘመዶቼ ሥጋት ከፍቅር እንደሚመነጭ አልጠራጠርም። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ በክረምት ሌሊት ለተረኝነት ብቻዋን ስትመላለስ፣ «ሰው ምን ይላል?» ያለ አልነበረም። ጉልበቷን ለሌሎች ስታውል ብቻዋን መሆኗ ካላስጨነቀን፣ የተረፋትን ለራሷ ልታውል ስትነሣ መንገዷን የምንዘጋበት ምክንያት ምንድን ነው? ለተጓዥ የሚገባው ስንቅና ምርቃት ነው።