ወሎ ሲባል እስከ የት ነው?

ስካንዲኔቪያ ሲባል ብዙዎቻችን ሰሜን አውሮፓን ባንድ ላይ እንጠቀልለዋለን። በጠባቡ ትርጉም ግን ስካንዲኔቪያ ማለት ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን ናቸው። ኖርዲክ ሲባል ፊንላንድና አይስላንድም ይገባሉ። የፊንላንድ ሰው «ስካንዲኔቪያዊ» ብትሉት «ቋንቋዬ እንኳ ከነሱ ጋር አይዛመድም» ብሎ ሊያርማችሁ ይችላል። ደግነቱ ለሰፊውም ለጠባቡም የየራሱ ቃል አላቸው።

እኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን፤ ወሎ።

የድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማው ደሴ ሆኖ ዋግንና ላስታን፣ የጁን፣ አምባሰልን፣ ቦረናን፣ ቃሉን ይዞ እስከ አውሳ ይደርስ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ክልልና ዞን ሲመጣ ተከፋፈለ። አሳይታ አፋር ክልል ገባች። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ፣ ወልድያ የሰሜን ወሎ፣ ደሴ የደቡብ ወሎ መቀመጫ ሆኑ። ባቲ ደግሞ ዋና ከተማው ከሚሴ ወደሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሄደች። «ወሎ» የሚለው ስም የተረፈው ለሁለት ዞኖች ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ትሉኝ ይሆናል። ችግሩማ ደሴና ኮምቦልቻ ያደግን ልጆች «ወሎ» ስንል የራሳችንን ደጅ ብቻ ማለታችን መሆኑ ነው። ተማሪ እያለን አንዲት የባቲ ልጅ «እኔም ወሎዬ ነኝ» ስትል፣ የሰፈራችን ልጅ «አንቺማ የከሚሴ ዞን ነሽ» አላት። ዝም አለች። ማታ አንዱ ክራሩን አንስቶ በባቲ ቅኝት ሲጀምር፣ ቀድሞ ያጨበጨበው ያው ልጅ ነበር። እሷም ሳቅ ብላ «ቅኝቱን ወስዳችሁ እኔን ትመልሱኛላችሁ?» አለችው። መልስ አልነበረውም።

እውነቷን እኮ ነው! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን አራቱን ቅኝቶች ስንቆጥር፣ ባቲና አምባሰል ዛሬ ያሉት በተለያየ ዞን ነው። ዘፈኑን ስንሰማ ግን ማናችንም ዞን አንጠይቅም።

ዞን ለበጀትና ለመታወቂያ ያስፈልጋል፤ አልከራከርም። አሳይታ ወይም ሰቆጣ ያለ ሰው «ወሎዬ አትበሉኝ» ካለም መብቱ ነው፤ እንደ ፊንላንዱ። «ነኝ» ያለን ሰው «አይደለህም» ማለት ግን የኛ ድርሻ አይደለም። ዞኑን ማለታችን ከሆነ «ደቡብ ወሎ» እንበል፣ አንድ ቃል ብትጨመር ምንም አትከብድም። ወሎን ግን እንደ ስፋቱ እንተወው።