«እንዳለ ይሸጣል» ያልነው ቤት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ስለ ቤት ስናወራ «አዝ ኢዝ» የምትለውን ቃል በሁለት ዓይነት ስሜት ነው የምንሰማት። አንዱ «ምን ችግር አለው? ሳትደክም ትገላገለዋለህ» ይላል። ሌላው ፊቱን ያጨማድዳል። ሻጩ ወይ ቸግሮት ቤቱን በርካሽ የጣለ ነው፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ ብሎ ያስባል። ቃሉ ግን ሁለቱንም አይልም። ቤቱ አሁን ባለበት ሁኔታ፣ ሻጩ ጥገና ሳያደርግለት ይሸጣል ማለት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት የአክስቴን ቤት በዚህ መንገድ ስንሸጥ ቤተሰቡ የተጨቃጨቀው ስለ ጥገናው ከሚሆን ይልቅ ስለ መናገርና ስላለመናገር ነበር።

ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1958 የተሠራ የጡብ ቤት ሲሆን አክስቴና ባለቤቷ በ1996 በ168,000 ዶላር ገዙት። ባለቤቷ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ታክሲ እየነዱ፣ እሷም ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ዕዳውን ከፍለው ጨረሱ። ጋሼ በ2021 አረፉ። ከዚያ በኋላ የአክስቴ ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ አለ፤ ሴት ልጇ ሲያትል ስለምትኖር እዚያ አጠገቧ፣ ደረጃ የሌለው አፓርታማ ለመግባት ቆረጠች። ለዚያ የሚሆናት ገንዘብ ያለው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ነው። በባንክ ያላት ቁጠባ ከ30,000 ዶላር ብዙም አይበልጥም።

መጀመሪያ ያሰብነው እንደማንኛውም ሰው አድሶ መሸጥ ነበር። ኮንትራክተሮች አስመጥተን ዋጋ ጠየቅን። ጣሪያው 16,000፣ ማሞቂያውና ኤሲው 12,000፣ ቤዝመንቱን ውሃ እንዳያስገባ ማድረግ 14,000፣ ኩሽናውና ሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች 45,000። ድምሩ 87,000 ዶላር መጣ። ሪልተሯ በአካባቢው የተሸጡትን ቤቶች አይታ፣ ታድሶ ቢሸጥ ወደ 560,000፣ እንዳለ ቢሸጥ ደግሞ ከ470,000 እስከ 480,000 ያወጣል አለችን። እስቲ ቀንሱት። ትርፉ ከወጪው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ ብታድስ ብድሩን የምትሸከመው፣ ሠራተኛ የምትጠብቀው፣ ግድግዳው ሲከፈት የሚገኘውን ሌላ ጉድ የምትከፍለው አክስቴ መሆኗ ላይ ነው። በዚያ ላይ እሷ የመረጠችውን የኩሽና ካቢኔ ገዢው አልወደድኩትም ብሎ ይነቅለው ይሆናል። ስለዚህ እንዳለ መሸጥ የድሃ ምርጫ ነው የሚባለው ቢያንስ ለዚህ ቤት አልሠራም።

ጥገናውን መተው ማለት ግን ጽዳቱን መተው አይደለም። አሸንዳው ላይ የተከማቸውን ቅጠል ጠረግን፣ ሣሩን አጨድን፣ የተቃጠሉ አምፖሎችን ቀየርን፣ የሃያ ሰባት ዓመት ሻንጣና ካርቶን አወጣን። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ነው። ሪልተሯ በትህትና፣ ሰው ቤቱን ሊያይ በሚመጣበት ሳምንት ወጥ ባይሠራ ብላ ስትጠይቅ አክስቴ ተቀይማ ሁለት ቀን አላናገረቻትም።

የፖስታ ሳጥኗ ለዓመታት «ቤትዎን በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» በሚሉ ካርዶች ሲሞላ ኖሯል። አንዳንዶቹ በእጅ የተጻፉ ይመስላሉ። እሷም ጥቂቶቹን መሶብ ሥር አስቀምጣቸው ነበርና አንዱ ጋ ደወልን። ያቀረበልን 310,000 ዶላር ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ በዚህ ንግድ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት አለ። ቤቱ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ 70 በመቶውን ይወስዱና የጥገናውን ወጪ ይቀንሱበታል። የ560,000 ሰባ በመቶ 392,000 ነው፤ ከዚያ 87,000 ሲቀነስ 305,000 ይቀራል። ሰውዬው አላጭበረበረም፤ የራሱን ሒሳብ ነው የሠራው። አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳቸው ገዢ አይደሉም። ከእናንተ ጋር ውል ይፈርሙና ውሉን ለሌላ ገዢ አትርፈው ይሸጣሉ። ቤቱ በባንክ ሊወረስ ቀን ለተቆረጠለት ሰው ይህ መንገድ ነፍስ ያድን ይሆናል። ጊዜ ላለው ሰው ግን «አዝ ኢዝ» ለመሸጥ እነሱ ዘንድ መሄድ ግዴታ አይደለም፤ እንዳለ የሚሸጥ ቤትም እንደማንኛውም ቤት ገበያ ላይ ይወጣል።

ወደ ቤዝመንቱ ልምጣ።

ይህ ቤዝመንት የአገር ቤት እንግዳ ሁሉ ያደረበት ነው። ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ ለሕክምና የመጣ፣ ሥራ እስኪያገኝ የከረመ። እኔም ለማስተርስ ትምህርት ስመጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የተኛሁት እዚያው ነው። አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ በሰሜን በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ውሃ ገብቶ፣ ከጋሼ ጋር እስኪነጋ በፎጣና በባልዲ ስንቀዳ አድረናል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ገዝተው ጥጉ ላይ አቆሙ። ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ውሃው ይመለሳል። ግድግዳው ላይ ከጉልበት በታች ቡናማ መስመር አለ።

በዋትሳፕ ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰበሰብ ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለ፦ «ቀለም ይቀባ፣ አዲስ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ አለቀ። አዝ ኢዝ ብለን አይደል እንዴ የምንሸጠው? የፈለገ ይመርምር።» ክፉ አስቦ አልነበረም። እናቱ በስተርጅና የሚያስፈልጋትን እያንዳንዱን ሺህ ዶላር እየቆጠረ ነው። ብዙ ሰውም «አዝ ኢዝ»ን የሚረዳው እንደዚያ ነው፤ አፍን ለመዝጋት የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ።

የሜሪላንድ ሕግ ሻጩን ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል። አንደኛው፣ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ በቅጹ ላይ ዘርዝሮ መናገር ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ሁኔታው ምንም ቃል አልገባም፣ እንዳለ ነው የምሸጠው ብሎ መፈረም። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው እንኳ የሚያውቀውን ድብቅ ጉድለት መግለጽ አለበት። ድብቅ ጉድለት የሚባለው ገዢው በጥንቃቄ በዓይኑ ቢያይ የማያገኘውና የነዋሪውን ጤና ወይም ደህንነት በቀጥታ የሚያሰጋ ነው። ከዚህ ሌላ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ስለ እርሳስ ያለበት ቀለም የሚታወቀውን መናገርና ለገዢው የመመርመሪያ ጊዜ መስጠት «አዝ ኢዝ» ቢባልም አይቀርም። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከገባችሁ ደግሞ ደንቡ ይለያል፤ እዚያ መርምሮ የማወቁ ሸክም በአብዛኛው የገዢው ነው። የሌላ ስቴት ወዳጃችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ አትፈርሙ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ክርክሩን ቀየረ። ቡናማው መስመር በዓይን ይታያል፣ ስለዚህ ድብቅ አይደለም አለ። እውነቱን ነው፣ ይታያል። ቀለም ከተቀባ ግን አይታይም። ሪልተሯም ይህንኑ ነው ያለችን። «አለመጠገን መብታችሁ ነው። ሸፍኖ መሸጥ ግን ከዝምታ ያለፈ ነው፤ ፍርድ ቤት ከተደረሰ ማታለል ይባላል። እኔም የማውቀውን ትልቅ ጉድለት ለገዢ የመናገር ግዴታ አለብኝ።»

እኔ በበኩሌ የሰጠሁት ምክንያት ከሕጉ ያነሰ ነበር። ያ ውሃ እግሬን ነክቶታል፤ አላውቅም የምልበት መንገድ የለኝም። በሥራዬም ቢሆን ሶፍትዌር ስናወጣ የሚታወቁ ችግሮቹን ዘርዝረን አብረን ነው የምናወጣው። ዝርዝሩን አይቶ የሸሸ ደንበኛ ብዙ አላየሁም። «ምንም ችግር የለበትም» ሲባል ነው ሰው የሚጠራጠረው።

ነገሩን የጨረሰችው አክስቴ ናት። ጉዳዩን ሁሉ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «አባቴ ደብረ ብርሃን ገበያ በሬ ሲሸጥ ‹ይዋጋል፣ ነግሬሃለሁ› ሳይል ገመዱን አያቀብልም ነበር» አለች። ልጇም «እማዬ፣ ታዲያ ዋጋው አይወርድም?» ሲላት፣ «ይወርዳል እንጂ። የሚዋጋ በሬ ነዋ!» አለችው። የመጀመሪያውን ምርጫ፣ ሁሉንም መዘርዘርን መረጠች። ውሃው የሚገባበትን ግድግዳ፣ የጣሪያውን ዕድሜ፣ የማሞቂያውን ጉድለት እየነገረችኝ እኔ ቅጹን ሞላሁ።

መናገሩ ግን ቀላል ሆኖላት እንዳይመስላችሁ። ክርስትና የተበላበት፣ ለቅሶ የተቀመጠበት፣ ማኅበር የተጠጣበት ቤት ነው። የኩሽናዋ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ «ገመናዬን ለዓለም አወጣችሁት» ብላ አለቀሰች። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሁለት ቤተሰቦች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ ጎረቤት ሄዳ ተደበቀች። እኔ በመሐላችን ያለውን «ሰው ምን ይለናል» የሚል ነገር አልወደውም፤ በዚያን ቀን ግን ልነቅፋት አፌን አልከፈትኩም።

ቤቱ በ475,000 ዶላር ወጣ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ሰዎች ዋጋ አቀረቡ። ትልቁ 485,000 ሲሆን ገዢዎቹ የሚገዙት በኤፍኤችኤ ብድር ነው። ዳላስ ያለው ልጅ ይህን ሲሰማ ተደሰተ። ችግሩ ያለው ኤፍኤችኤ ብድሩን ዋስ ሲሆን ቤቱ ማሟላት ያለበትን ዝቅተኛ ሁኔታ መወሰኑ ላይ ነው። ጣሪያው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያገለግል መሆን አለበት። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ላይ ቀለም ከተላጠ መስተካከል አለበት፤ የእኛ የመስኮት ክፈፎች ደግሞ ተልጠዋል። ገማቹ መጥቶ «ይጠገን» ካለ ወይ እኛ እንጠግናለን፣ ወይ ሽያጩ ይፈርሳል። እንዳለ የሚሸጥ ቤት ገዢው የሚያንሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ዋጋ ጥሬ ገንዘብ 430,000 ነበር። ሦስተኛውን፣ በመደበኛ ብድር 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍለው የሚገዙ ባልና ሚስት ያቀረቡትን 468,000 ተቀበልን።

«አዝ ኢዝ» ተብሎም ገዢ ኢንስፔክተር ማምጣት እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ውሉ ከፈቀደለት መርምሮ አልፈልግም ብሎ መውጣት ይችላል፤ ሻጩን ጠግን ብሎ ማስገደድ ነው የማይችለው። የእነዚህ ሰዎች ኢንስፔክተር አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ረጅም ሪፖርት ጻፈ፣ እነሱም 18,000 ዶላር ይቀነስልን አሉ። ከዚህ ውስጥ 14,000ው ለቤዝመንቱ ነው። ሪልተሯ ቅጹን አውጥታ፣ ይህን ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት በጽሑፍ ነግረናችኋል፣ ዋጋው ላይ ተቀንሷል አለቻቸው። መልስ አልነበራቸውም። የቀረው 4,000 እኛም ለማናውቀው የኤሌክትሪክ ሳጥን ብልሽት ስለነበር ያንን ቀነስንላቸው። በ464,000 ተዋዋልን። ቀለም ቀብተን ቢሆን ኖሮ ኢንስፔክተሩ እርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋ የሚገኘው ነገር ለመደራደሪያ ብቻ የሚበቃ አይመስለኝም። ሌላው የነገርናቸው ሁሉ አብሮ ይጠረጠር ነበር።

ስለ ግብርም በአጭሩ። ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን የኖረበትን ቤት የሸጠ ሰው እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ይሆንለታል። በተጨማሪም ጋሼ ሲያርፉ የእሳቸው ግማሽ ድርሻ መነሻ ዋጋ በዚያ ቀን ቤቱ በሚያወጣው ልክ ተስተካክሏል። ስለዚህ የአክስቴ ትርፍ ከጣሪያው በታች ሆነ። ባል ወይም ሚስት የሞተባችሁ ሰዎች ይህን ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ሳታዩ አትፈርሙ፤ ቤቱ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የተገዛበትን ዋጋ ብቻ እያዩ የሚደነግጡ አይቻለሁ።

ከክሎዚንጉ አንድ ቀን በፊት ገዢዎቹ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩ ሲመጡ አክስቴ አልተደበቀችም። ቡና አፍልታ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ሚስትየዋን በእጇ ይዛ፣ ጉልበቷ እያመማት ወደ ቤዝመንቱ ወረደች። እኔ እያስተረጎምኩ፣ ውሃው በየትኛው ጥግ እንደሚጀምር፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት ሲሠራ ባልዲው እንደሚሞላ፣ ውጭ ያለው የአሸንዳው ቱቦ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ ቢቀጠል እንደሚሻል ነገረቻት። ሚስትየዋ ስልኳን አውጥታ ትጽፍ ነበር። ማሽኑንም እዚያው ትተንላቸው ወጣን።