ከእሳቱ ማግስትም ላም ይታለባል

ጫንጮን በጥቅምትና በኅዳር ያየ ሰው የሚያስታውሰው ሣሩን ነው። ከሱሉልታ ጀምሮ የተንጣለለው ሜዳ ይታጨዳል፤ ድርቆሹ በአይሱዙ ተጭኖ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የተረፈው በየግቢው ይከመራል። ከክምሩ ጎን ባሕር ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የረገፈ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ነፋሱ ይበረታል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አንድ ፍም ብቻ ነው።

ከጫንጮ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የወተት ላም እርባታ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አላቢዎቻችን በአብዛኛው ከእርባታው በታች ባለች መንደር ይኖራሉ። አንድ የየካቲት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሰል ከሚከሰልበት ቦታ ያመለጠ እሳት በባሕር ዛፉ ሥር ለሥር እየሮጠ ወረደ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ አንዴ ከተያያዘ በጀሪካን ውኃ የሚመለስ አይደለም። ሰዉ እርጥብ ቅጠል እየቆረጠ እሳቱን መታ፣ አፈር በተነ፣ ከፊቱ ያለውን ሣር እየጨረገደ መንገድ ዘጋበት። በመሸ ጊዜ የሞተ ሰው አልነበረም። የበርካታ ሠራተኞቻችን ቤትና ድርቆሽ ግን ዐመድ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ያን ምሽት መንደሩን እያየሁ ልቤን ከያዙት ነገሮች አንዱ ወተቱ ነበር። ላም ሐዘን አታውቅም፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ትታለባለች፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ትታለባለች። ካልታለበች ጡቷ ያብጣል፣ ትታመማለች። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ፊት ቆሜ ይህን ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ እንደተረዳሁት ግን እነሱም የሚያስቡት ስለ ወተቱ ነበር። ላሞቹ ከታመሙ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ ቤቱን መልሶ የሚያቆመው ደመወዝ ይቀራል።

የእርባታው ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የዚያኑ ዕለት ማታ መጡ። ወደ መንደሩ ከመውረዳቸው በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ በበጀት ዓመት ውስጥም ከሁለት ጊዜ በላይ አይሰጠውም። ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ነው። የተቃጠለው ራሱ የሥራ ቦታው ቢሆንና ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ቢቋረጥ ደግሞ፣ አሠሪው ሁኔታውን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳውቆ የሥራ ውሉን እስከ 90 ቀን ሊያግድ ይችላል። በእግዱ ጊዜም ደመወዝ አይከፈልም። ይህን ሁሉ ስነግራቸው እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ሕጉ ከዚያ በላይ አትክፈሉ ይላል?» አሉኝ። አይልም። ሕግ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው።

እድሩ ድንኳን ተክሎ ነበር። እትዬ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣ «እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ! ደመወዛችሁ እንዳለ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቤቱን ይሥራ፤ ነገ የሚያልበው ሌላ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ነው የተቀመጡት። አንዲት አላቢ እስከዚያ ሰዓት እንባ ያልወጣት፣ ያን ጊዜ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ለመዋጮ የሚሆን የስም ዝርዝር ይዤ ነበር፤ መዋጮውም በኋላ ተሰበሰበ፣ ጠቀመም። የሰዎቹን ትንፋሽ የመለሰው ግን «ደመወዛችሁ እንዳለ ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ለማውቃቸው አሠሪዎች ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ ብርድ ልብሱ ነገም ይደርሳል፣ ስለ ደመወዙ ግን ዛሬ ማታ ተናገሩ።

ቤታቸው የተረፈላቸው አላቢዎች የጓደኞቻቸውን ተራ ሸፈኑ። ይህም በነጻ መሆን የለበትም። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ይገድበዋል፤ ቀን ላይ ለተሠራው የሚከፈለው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። «ለወንድምህ ነው» ተብሎ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅሬታ ይወልዳል።

ያልጠበቅነው ችግር የመጣው በደመወዝ ቀን ነው። ደመወዝ የሚገባው በባንክ ነው፤ መታወቂያውና የባንክ ደብተሩ ግን ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ባንኩ ያለ መታወቂያ አይከፍልም፣ ቀበሌውም አዲስ መታወቂያ ለመስጠት ማስረጃ ይፈልጋል። ሰዎቹ ገንዘባቸው እያለ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያን ጊዜ አቧራ የጠጣውን የማኅደር መደርደሪያ ከፈትኩ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቅጥር ደብዳቤ እዚያ አለ። በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፎቶ ኮፒውን አያይዤ ከሰዎቹ ጋር ቀበሌም ባንክም ሄድኩ። አንዱ አላቢ ጉርድ ፎቶውን አይቶ እንዲባዛለት ለመነኝ፤ ከጎረምሳነቱ ዘመን የቀረው ምስል እሱ ብቻ ነው።

ስለ ሰደድ እሳት ስናወራ ትዝ የሚለን ደን ነው። በ1992 ባሌ ሲቃጠል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለማጥፋት ዘምተዋል፤ በ2011 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። ተገቢ ነው። ከእሳቱ በኋላ ሥራው ስለሚቋረጥበት ሰው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል በየዜናው ስለ ነጋዴው ኪሳራ ሰማን፤ እኔ ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ ጭነት ሲያወርድ ስለሚውለው ወዛደር አሰብኩ። በ2016 እ.ኤ.አ. በካናዳ ፎርት መክመሪ የተባለች የነዳጅ ከተማ በሰደድ እሳት ስትከበብ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ለቆ ወጣ፤ የነዳጅ ኩባንያዎቹም የሠራተኛ ካምፓቸውን ለተፈናቃዩ ከፈቱ። እኛ ካምፕ የለንም። ድርቆሽ የምናመላልስበት አይሱዙ ነበረን፤ ቤቶቹን መልሶ ለሚሠራው ደቦ እንጨትና ቆርቆሮ አመላለሰ።

እትዬ ለቤት መሥሪያ የደመወዝ ቅድሚያም ሰጡ። ሕጉ ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ በክረምት ግን ሲሶውም ይከብዳልና ቆረጣውን ለመስከረም አስተላለፍነው። ደግሞ ማንም ያልነገረን ነገር ነበር። ቤቱ ቆሞ፣ ሁሉም ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ፣ ከላሞቹ ጋጣ በስተጀርባ ኩበት ሲነድ ጭሱ በሸተተ ቁጥር ባልዲውን ጥሎ የሚወጣ ሰው ነበረን። የማታውን ሥራ ከጭሱ ራቅ ወዳለው ጋጣ ቀየርንለት። ስለ ጉዳዩ ያወራው ብዙ ቆይቶ ነው።

አሁን በየዓመቱ ከገና በፊት ማኅደሮቹን አድሳለሁ፣ የእያንዳንዱን ሰው የቅርብ ዘመድ ስልክ እጽፋለሁ፣ የድርቆሹ ክምሮች ተራርቀው እንዲቆሙ አደርጋለሁ፣ ማን የማንን ተራ እንደሚሸፍን አስቀድመን እንነጋገራለን። እስካሁን ያልቋጨነው ግን ድርቆሽ የሚጭኑት የቀን ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ማኅደር የላቸውም፣ በደመወዝ መዝገቡም ላይ ስማቸው የለም። ያን ጊዜ የሁለቱ ቤት ተቃጥሎ ነበር፤ ከመዋጮው ደረሳቸው እንጂ ደመወዝ አላገኙም። እትዬ «የዕለት ሰው እንዴት ብዬ ልያዝ?» ይላሉ። እኔ ቢያንስ በአጨዳው ወራት በጽሑፍ ውል ይያዙ እላለሁ። ዘንድሮም ገና አልተስማማንም፤ አጨዳው ሳይጀመር እንደገና አነሳዋለሁ።